ሰባት ዓመት አብረው ተጉዘው ያልተዋወቁት ሰዎች

ሃሪ ኪም «ቮዬጀር» በምትባለው የጠፈር መርከብ ላይ ሲሳፈር ማዕረጉ ኢንሳይን ነበር። በስታር ትሬክ ዓለም ይህ የመኮንንነት የመጀመሪያው እርከን ነው፤ ትናንት ከአካዳሚ የወጣ ልጅ የሚይዘው። ከሰባት ዓመት በኋላ መርከቧ ወደ ምድር ስትመለስም ሃሪ ኢንሳይን ነበር። በመሀሉ ሞቷል፣ ታስሯል፣ ተሰቃይቷል፣ ሌሊት ሌሊት መርከቧን በአዛዥነት ጠብቋል። የደረጃ ዕድገት ግን አላየም። ይህን ድራማ እወደዋለሁ፣ የምቆጣውም ለዚህ ነው። የማልወደው ድራማ ምን ቢያበላሽ ግድ አይሰጠኝም።

«ለቴሌቪዥን ድራማ ይህን ያህል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አዎ፣ ይህን ያህል። ሰው ፈጥሮ፣ ስም ሰጥቶ፣ እናትና ፍቅረኛ አበጅቶለት፣ እኛን ልባችንን ካሰጠን በኋላ ጥግ ላይ ጥሎት የሚሄድ ደራሲ ዕዳ አለበት። ዕዳው ደግሞ በጊዜ ብዛት አይሰረዝም።

«ስታር ትሬክ፦ ቮዬጀር» የጀመረው በጥር 1995 ነው፤ ያለቀው በግንቦት 2001። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰባት ምዕራፍ፣ ከ170 በላይ ክፍሎች። መነሻ ሐሳቡ ለአንድ ጸሐፊ ከሰማይ የወረደ ስጦታ ነበር። በካፒቴን ካትሪን ጄንዌይ የምትመራ የመንግሥት መርከብ አንዲት የሸማቂዎች መርከብ እያሳደደች ሳለ ሁለቱም 70 ሺሕ የብርሃን ዓመት ርቆ ወደሚገኝ የጋላክሲ ጥግ ይወረወራሉ። በተቻለው ፍጥነት ቢበሩ እንኳ ወደ ቤት ለመመለስ 75 ዓመት ይፈጃል። ሸማቂዎቹ ማኪ ይባላሉ፤ መንግሥታቸው በፈረመው የሰላም ውል ቀያቸው ለጠላት ሲሰጥ አንገዛም ብለው መሣሪያ ያነሱ ሰዎች ናቸው። መርከባቸው ትጠፋለች። ከአሳዳጆቻቸው ጋር በአንድ መርከብ፣ በአንድ ገበታ፣ በአንድ አዛዥ ሥር መኖር ግድ ይሆንባቸዋል። መሪያቸው ቻኮቴይ የጄንዌይ ምክትል ይሆናል።

እስቲ አስቡት። ወደ 150 የሚጠጋ ሰው ነው። ሥራ ለቅቄ ልሂድ ማለት የለም፣ ዝውውር የለም፣ ጡረታ የለም። ያስቀየመህን ሰው ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ ምናልባት እስክትሞት ድረስ ምግብ ቤት ውስጥ ታገኘዋለህ። ሌሎች ድራማዎች ሰዎቻቸውን አንድ ቦታ ለማቆየት ሰበብ ይፈልጋሉ፤ ይህ ድራማ ሰበቡን በመጀመሪያው ቀን በእጁ ይዞ ነበር። ከዚያስ ምን አደረገበት? በመጀመሪያው ክፍል ማብቂያ ላይ ማኪዎቹን የአሳዳጆቻቸውን የደንብ ልብስ አለበሳቸው። በሁለተኛው ክፍል አንድ ጠብ አሳየን። ምዕራፉ ሲያልቅ ደግሞ ጥቂት እልኸኛ ማኪዎችን በስፖርትና በሥነ ሥርዓት ሥልጠና «አስተካክሎ» ጉዳዩን ዘጋው። ከዚያ በኋላ ስማቸው የሚነሳው ሸፍጥ ሲያስፈልግ ብቻ ሆነ።

ወደ ሃሪ ልመለስ፣ የሚያንገበግበኝ እሱ ነውና። በመጀመሪያው ክፍል ጄንዌይ አንድ ነገር ትናገራለች። ከመነሳታቸው በፊት የሃሪ እናት ደውላላት ነበር፤ ልጇ ክላርኔቱን ረስቷል፣ ለመላክ ጊዜ ይኖር እንደሆነ ለመጠየቅ። ጊዜ የለም ብላ መለሰችላት። ለጥቂት ሳምንት ብቻ የሚሄድ የመሰለው ልጅ ነው። ይህችን አንዲት ነገር የጻፈ ደራሲ ሰው መፍጠር እንደሚችል አልጠራጠርም። ስለዚህ የኋላው ጥፋት የችሎታ ማነስ ነው ብሎ የሚከራከረኝ ካለ አልሰማውም።

በመጋቢት 1996 «ዴድሎክ» የተባለው ክፍል ታየ። በአንድ አደጋ መርከቧ ሁለት ትሆናለች፤ ሁለት ቮዬጀር፣ ሁለት ጄንዌይ፣ ሁለት ሃሪ። በአንደኛዋ መርከብ ላይ ግድግዳው ይቀደድና ሃሪ ኪም ወደ ጠፈር ተስቦ ይሞታል። በዚያችው መርከብ ላይ ሳማንታ ዋይልድማን የወለደቻት ሕፃንም ትሞታለች። ሁለተኛዋ መርከብ በጠላት ስትወረር ጄንዌይዋ መርከቧን ከነራሷ ለማፈንዳት ትወስንና የራሷን ሃሪ ሕፃኗን አሳቅፋ ወደ ተረፈችው መርከብ ትሰደዋለች። ይህ ማለት ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ 2001 ድረስ ያየነው ሃሪ የመጀመሪያው ሃሪ አይደለም። ሳማንታ ያሳደገቻት ናኦሚም ከማሕፀኗ የወጣችው ልጅ አይደለችም። የገዛ ልጇ ሬሳ ሳይቀዘቅዝ ሌላ ሕፃን፣ ያችኑ ሕፃን፣ ታቅፋለች።

በክፍሉ መጨረሻ ሃሪና ጄንዌይ ስለዚህ ነገር አንድ ደቂቃ ያህል ያወራሉ። በቃ። ከዚያ በኋላ አምስት ምዕራፍ ሙሉ ማንም አላነሳውም። ቶም ፓሪስ የሃሪ የልብ ጓደኛ ነው፤ የሚያውቀው ጓደኛው ሞቶ መልኩን የያዘ ሌላ ሰው አጠገቡ ተቀምጧል። አንድ ቀን እንኳ ዓይኑን አፍጥጦ አያየውም? አንድ ቀን እንኳ «ያን ቀን አብረን የሳቅነው አንተ ነህ ወይስ ሟቹ?» አይልም? ሃሪስ? የራሱ ጓደኞች፣ የራሱ ካፒቴን፣ የራሱ ቶም ከነመርከባቸው ጋይተዋል። የሚያለቅስላቸው ከእሱ ሌላ ሰው የለም። ሳማንታ ዋይልድማን ደግሞ ቀስ በቀስ ከድራማው ጠፋች፤ ናኦሚ ስታድግ ያየናት በወጥ ሠሪው በኒሊክስና በኋላ መርከቧን በተቀላቀለችው በሰቨን ኦፍ ናይን እጅ ነው፤ እናትየዋ የት እንደገባች የሚነግረን አልተገኘም።

ሌላ ልጨምር። በአምስተኛው ምዕራፍ «ሌተንት ኢሜጅ» የሚባል ክፍል አለ፤ ከድራማው ምርጥ ሥራዎች አንዱ ነው። ሁለት ወጣት መኮንኖች እኩል ቆስለው ሐኪሙ ዘንድ ይመጣሉ። አንዱ ሃሪ ነው፣ ሌላዋ ጄታል የምትባል ልጅ። የማዳን ዕድላቸው እኩል ነው፣ ጊዜው ግን የሚበቃው ለአንድ ብቻ። ሐኪሙ ሃሪን ይመርጣል። ለምን? ስለሚያውቀው፣ ስለሚቀርበው። ጄታል ትሞታለች። ሰው ሠራሹ ሐኪም በጸጸት አእምሮው ሊታወክ ይደርሳል፣ ካፒቴኗ ትዝታውን ትሰርዝበታለች፣ በኋላም ደርሶበት ይቆጣል። ድንቅ ታሪክ ነው። ነገር ግን በሕይወት የቀረውስ? ጄታል በመሞቷ የሚተነፍሰው ሃሪስ? ሐኪሙ «ያዳንኩህ ስለምወድህ ነው፣ ፍትሕ ግን አልነበረም» ብሎ ፊት ለፊት ሊነግረው አይገባም ነበር? ከዚያ በኋላ ሁለቱ በተገናኙ ቁጥር እንደ ድሮው ይጨዋወታሉ። ከሞት የተረፈ ሰው ስለ ሟቿ ምን እንደሚሰማው ለመጠየቅ ሁለት ምዕራፍ ተኩል ቀርቷቸው ነበር፤ ማንም አልጠየቀም።

ማዕረጉስ? «መርከቧ ላይ የደረጃ ዕድገት የለም» እንዳይሉን የጸጥታ ኃላፊው ቱቮክ በአራተኛው ምዕራፍ ዕድገት አግኝቷል። ቶም ፓሪስ ከመጀመሪያውም ከእስር ቤት የመጣ ሰው ነው፤ ትእዛዝ ጥሶ ከሌተናንትነት ወደ ኢንሳይን ዝቅ ተደረገ፣ 30 ቀን ታሰረ፣ ከዚያ በስድስተኛው ምዕራፍ ማብቂያ ላይ ማዕረጉ በትንሽ ሣጥን ተቀምጦ ጠበቀው። ሃሪ በዚያው ትዕይንት የእሱ ወንበር ላይ ሣጥን እንዳልነበረ ይናገራል። ደራሲዎቹ በደሉን ያውቁት ነበር ማለት ነው! አውቀው ለአፍታ ፈገግታ ተጠቀሙበት፤ ሊያርሙት ግን አልፈለጉም። ሃሪን የተጫወተው ጋሬት ዋንግ ለምን እንደማያድግ ሲጠይቅ አንድ ሰው ኢንሳይን ሆኖ መቅረት አለበት የሚል መልስ እንደተሰጠው በአደባባይ ተናግሯል።

ይህን መልስ በሥራ ቦታ የሰማ ሰው ያውቀዋል። እኔ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ገቢዎችን ሁሉ የሚያሠለጥን ሰው ነበር፤ ያሠለጠናቸው አለቆቹ ሆኑ፣ እሱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ማንም አልጠላውም። «እሱማ አለልን» ይሉ ነበር። ሃሪን ሳይ የሚቆጨኝ እንዲህ ያለው መረሳት በክፋት እንደማይደረግ ስለማውቅ ነው። የሚደረገው በምቾት ነው።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው ኩባንያ፣ «ዲፕ ስፔስ ናይን» የተባለው ወንድም ድራማ (1993–1999) ምን እንደሠራ ደግሞ ተመልከቱ። ኖግ የሚባል ፌረንጊ ልጅ አለ። ሲጀምር ሌባ ነው፣ ማንበብ እንኳ አይችልም። ሃሪ ኪም ኢንሳይን ሆኖ ጠፈር ላይ ሲጓዝ ኖግ ገና አካዳሚ ሊገባ ማመልከቻ ያስገባ ነበር። አካዳሚ ገባ፣ ጦርነት መጣ፣ ኢንሳይን ሆነ፣ ጦር ሜዳ ላይ አንድ እግሩን አጣ፣ በሐዘን ተዘግቶ ከርሞ ቆሞ ሄደ። በ1999 ድራማው ሲያልቅ ሌተናንት ሆነ። የዋና ተዋናዮች ስም ዝርዝር ውስጥ እንኳ የሌለ ልጅ ነው! ሃሪ ኪም በየሳምንቱ መክፈቻው ላይ ስሙ እየተጻፈ ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ እንኳ እዚያው ነው። «ዘመኑ እንዲህ ነበር፣ የዚያን ጊዜ ድራማ ሰው አያሳድግም ነበር» የሚለው ሰበብ ኖግ ፊት ውኃ አያነሳም።

የ1996ን ጸደይ ሳስብ ያመኛል። «ዴድሎክ» በመጋቢት ነበር። በግንቦት በተከታታይ ሁለት ሳምንት «ቱቪክስ» እና «ሪዞሉሽንስ» መጡ። በ«ቱቪክስ» የጸጥታ ኃላፊው ቱቮክና ወጥ ሠሪው ኒሊክስ በማጓጓዣው ስህተት አንድ አካል ይሆናሉ። አዲሱ ሰው መኖር ይፈልጋል። ጄንዌይ ሁለቱን ለመመለስ እሱን ማጥፋት እንዳለባት ስትወስን በአዛዦቹ ክፍል ቆሞ አንድ በአንድ ይለምናቸዋል፤ ማንም ከወንበሩ አይነሳም። ሐኪሙ እጄን አላስገባም ይላል። ካፒቴኗ ራሷ ትፈጽመዋለች። ተመልካች እስከ ዛሬ «ግድያ ነው፣ አይደለም» እያለ ይጣላበታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። ቱቮክ ስሜቱን የሚቆልፍ ሰው ነው፤ ኒሊክስ ደግሞ ስሜቱ የሚገነፍል። ለቀናት በአንድ ልብ አስበዋል፣ በአንድ አፍ ተናግረዋል፣ የኒሊክስን ፍቅረኛ ኬስን በአንድ ዓይን አይተው ወደዋል። ቱቮክ የኒሊክስን የሞቱ ቤተሰቦች ናፍቆት ከውስጥ ያውቀዋል። ኒሊክስ ቱቮክ ለሚስቱ ያለውን የተቀበረ ፍቅር ያውቀዋል። በምድርም በሰማይም እንዲህ የሚተዋወቁ ሁለት ሰዎች የሉም። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ኒሊክስ እንደ ወትሮው ያናድደዋል፣ ቱቮክ እንደ ወትሮው ይሸሸዋል። ከዚያ የሚበልጥ የጓደኝነት ታሪክ ማን ይጽፋል? እጃቸው ላይ ነበር፣ ጣሉት።

«ሪዞሉሽንስ»ም እንደዚሁ። ጄንዌይና ቻኮቴይ በበሽታ ምክንያት አንዲት ፕላኔት ላይ ብቻቸውን ይቀራሉ፣ መርከቧ ትታቸው ትሄዳለች። ቻኮቴይ ገንዳ ይሠራላታል። ስለ አንድ ቁጡ ጦረኛ ተረት አስመስሎ ልቡን ይነግራታል፤ እሷም ይገባታል፣ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ከዚያ መድኃኒት ተገኝቶ መርከቧ ትመለሳለች፤ ሁለቱ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ስለ ሞተርና ስለ ጉዞ መሥመር ያወራሉ። የዚያን ቀን መደበቃቸው ትክክል ነው፣ ያምራልም። አምስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ሳይወጣቸው መቅረቱ ግን መደበቅ አይባልም። ይጋቡ አላልኩም። ካፒቴን ናት፣ አይቻልም ብላ ትቁረጥ፤ ግን ስትቆርጥ እንያት።

ቤላና ቶሬስ ስትነሳ ቁጣዬ ትንሽ ይበርዳል፣ ምክንያቱም «ሊኒየጅ» የተባለውን ክፍል ለእሷ ጽፈውላታል። ግማሽ ክሊንጎን የሆነች ሴት የምትወልዳት ልጅ ግንባሯ እንደ እሷ እንዳይሆን ጂኗን ለማስለወጥ የምትታገልበት፣ አባቷ ጥሏት የሄደበትን ቀን የምናይበት ክፍል ነው። ያ ሰዓት ያለ እንከን የተጻፈ ነው። ነገር ግን በአምስተኛው ምዕራፍ ጓዶቿ ማኪዎች አንድ በአንድ መጨፍጨፋቸውን ካወቀች በኋላ ራሷን ስታቆስል፣ አጥንቷ እስኪሰበር የማስመሰያ ክፍሉን መከላከያ አጥፍታ ስትገባ እናያታለን። ቻኮቴይ ጎትቶ የሟቾቹን ሬሳ ምስል ፊት ያቆማታል። ያ ሁሉ ሕመም በክፍሉ መጨረሻ በአንድ ሰሃን የሙዝ ፓንኬክ ፈገግታ ይዘጋል። መርከቧ ላይ ደግሞ በርካታ ማኪዎች አሉ፤ ሁሉም ያው ሕዝብ፣ ያው ጓድ ነው የሞተባቸው። ሐዘኑ የቤላና ብቻ የሆነው በምን ሕግ ነው?

ሐዘን ካልኩ ዘንዳ ጆ ኬሪን ላንሳ። በሁለተኛው ክፍል ቤላና አፍንጫውን የሰበረችው ሰው ነው። ዋና መሐንዲስነቱ ይገባኛል ሲል ቦታው ለእሷ ተሰጠ፤ ቅር ብሎት ግን በጨዋነት ተቀበላት። የሚያምር ጅማሬ ነበር። ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ ግን ጠፋ፤ በአምስተኛውና በስድስተኛው ምዕራፍ ብቅ ያለው ታሪኩ ወደ ኋላ ዘመን ሲመለስ ብቻ ነው። በሰባተኛው ምዕራፍ፣ መርከቧ ቤት ልትገባ ጥቂት ጊዜ ሲቀራት አመጡትና ገደሉት። ሚስቱና ሁለት ወንዶች ልጆቹ ምድር ላይ ይጠብቁታል። ክፍሉ ሲያልቅ ጄንዌይና ቻኮቴይ በጠርሙስ ውስጥ ሲሠራት የነበረችውን ትንሽ ቮዬጀር ያያሉ፤ ልትጠናቀቅ አንዲት ቁራጭ ብቻ ቀርቷታል። እኛ ዘንድ ጎረቤት ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ይቀመጣል፣ ስለ ሟቹ የሚያውቀውን ሁሉም ያወራል። ስለ ኬሪ ማን ያውራ? ስድስት ዓመት ቤላና ሥር ሲሠራ ምን ተባባሉ? ታረቁ? አፍንጫውን እያነሱ ይስቁ ነበር? ሳያኖሩት ገድለውት እንድናለቅስለት ጠየቁን።

ከሁሉ የከፋው ግን የ«ኢኩዊኖክስ» ነገር ነው፤ በ1999 በሁለት ክፍል የታየ። ቮዬጀር እንደ እሷ የጠፋች ሌላ መርከብ ታገኛለች። የዚያች መርከብ ሰዎች ቶሎ ቤታቸው ለመድረስ ሲሉ ሕያዋን ፍጡራንን እየገደሉ ሬሳቸውን ነዳጅ ሲያደርጉ ቆይተዋል። ጄንዌይ በንዴት ትታወራለች። ኖዋ ሌሲንግ የሚባለውን መርከበኛ ይዛ፣ ምስጢር ካላወጣ ፍጡራኑ ገብተው እንዲገድሉት መከላከያው የጠፋ ክፍል ውስጥ ትቆልፍበታለች። ቻኮቴይ ባይገባና ባያወጣው ኖሮ ይሞት ነበር። ምክትሏ ሲቃወማት እሱንም ከሥራ ታግደዋለች። ነገሩ ሲያልቅ ከኢኩዊኖክስ የተረፉ አምስት ሰዎች ማዕረጋቸው ተገፎ የቮዬጀር ሠራተኛ እንዲሆኑ ትወስናለች። አንዱ ሌሲንግ ነው።

አምስቱ ሰልፍ ቆመው ቅጣታቸውን ሲሰሙ ያየናቸው ያ የመጨረሻችን ነበር። አንድ ምዕራፍ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ በኮሪደር ሲያልፉ እንኳ አላየናቸውም። እስቲ ይታያችሁ፦ ካፒቴኗ ልትገድለው የነበረ ሰው በየማለዳው ምግብ ቤት ተሰልፎ ሰሃኑን ይቀበላል። እሷ ቡናዋን ይዛ ትገባለች። ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እዚህ ግን ደራሲው ራሱ ነው የረሳው። የሌሎቹ ሠራተኞች ነገርስ? ነፍሰ ገዳዮች ናቸው ብለው የሚጸየፏቸው፣ በሌላ ወገን «እኛም በእነሱ ቦታ ብንሆን?» ብለው የሚያዝኑላቸው የሉም? አንድ ምዕራፍ ሙሉ የሚመግብ ታሪክ ነበር። ቻኮቴይና ጄንዌይም ከዚያ ቀን በኋላ እንደ በፊቱ ይተማመናሉ፤ የወደቀችውን የመርከቧን ስም ሰሌዳ አንስተው ወደ ቦታዋ መለሱ፣ ይቅርታው ይህ ሆነ።

ቻኮቴይ ራሱ የተጎዳው ገና ሳይወለድ ነው። የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብ ተወላጅ የሆነ ምክትል አዛዥ በስታር ትሬክ መኖሩ ትልቅ ነገር ነበር። አዘጋጆቹ ለአማካሪነት የቀጠሩት ጀማኬ ሃይወተርን ነው። ይህ ሰው የቀደምት ሕዝብ ተወላጅ ነኝ እያለ መጽሐፍ ሲያሳትም የኖረ፣ ተወላጅ አለመሆኑ ግን ድራማው ከመጀመሩ ከአሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ በ1984፣ በጋዜጣ የተጋለጠ ነበር። ጋዜጣ ገልጦ የሚያነብ አንድ ሰው እዚያ ቢሮ ውስጥ ጠፍቶ ነው? ውጤቱን አየነው፦ ከየትኛው ሕዝብ እንደሆነ በቅጡ የማይታወቅ፣ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ ሥርዓት የሚፈጽም፣ መንፈስ የሚጠራ ገር ሰው። ቀዬው ሲነጠቅ ጠመንጃ ያነሳ አዛዥ፣ አባቱ በዚያ ጦርነት የሞተበት አዛዥ የት ሄደ? ቻኮቴይን የተጫወተው ሮበርት ቤልትራን ለገጸ ባሕርይው በሚጻፍለት ነገር መከፋቱን ገና ድራማው እየታየ ሳለ በአደባባይ ይናገር ነበር። ሲናገር ያጉረመርማል ተባለ። እኔ ከጎኑ ነኝ።

ኬስን በአጭሩ ላንሳት፤ ብዙ ብናገር እንደ አዲስ እቆጣለሁ። ዕድሜዋ በጠቅላላው ዘጠኝ ዓመት ብቻ የሆነ ፍጡር፣ ሁሉን ለማወቅ የምትቸኩል፣ ሐኪሙን እንደ ሰው መቁጠር የጀመረችው እሷ። ከኒሊክስ የተለያየችው ሌላ ነፍስ አካሏን በያዘበት ሰዓት ነው፤ ነፍሱ ከወጣ በኋላ ሁለቱ ተቀምጠው ሲነጋገሩ አላየንም። በአራተኛው ምዕራፍ መግቢያ አሰናበቷት። በስድስተኛው መልሰው ሲያመጧት ደግሞ ቂመኛ አሮጊት አድርገዋት ነበር። ብዙ ተመልካች ይህን ሁሉ በሰቨን ኦፍ ናይን ላይ ያሳብባል፣ ጄሪ ራያን መጥታ ቦታውን ወሰደች ይላል። አልስማማም። ራያን የተሰጣትን ከሚጠበቀው በላይ ሠራች። የሰቨንና የሕፃኗ ናኦሚ ወዳጅነት፣ የሰቨንና የሐኪሙ ትምህርት ድራማው በፈለገ ጊዜ ሁለት ሰዎችን በትዕግሥት ማቀራረብ እንደሚችል ያረጋገጡ ናቸው። ለሌሎቹ ፈቃዱ ነው የጠፋው።

ፈቃዱ ሲመጣስ? በመጨረሻው ክፍል ሰቨንና ቻኮቴይ ፍቅረኛሞች ሆነው አገኘናቸው። ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ እሷ የቻኮቴይን አምሳያ ሠርታ ለብቻዋ ፍቅር ስትለማመድ ታይታ ነበር፤ ከዚያ በላይ የረባ መሠረት አልነበረውም። አራት ዓመት አብረው ሲኖሩ ልብ ለልብ የተነጋገሩበትን ጊዜ ቁጠሩ ቢሉኝ እቸገራለሁ። በዚህ ፍቅር ላይ ደግሞ የሰባት ዓመቱን ፍጻሜ ከበድ ያለ ሸክም አሸከሙት፤ በወደፊቱ ዘመን ሰቨን ሞታ ቻኮቴይ በሐዘን ተሰብሮ እንደሞተ፣ አሮጊቷ ጄንዌይም ይህን ልታስቀር ታሪክ እንደምትቀይር ነገሩን። የዘሩት እህል ሳይኖር አውድማ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። የጄንዌይና የቻኮቴይ፣ የሐኪሙና የሰቨን፣ ዓመታት የተዘራው ሁሉ ሳይታጨድ ቀረ።

የሚቀርበውን ምክንያት አውቀዋለሁ። ዩፒኤን የተባለው አዲስ ጣቢያ ሥራውን የከፈተው በዚህ ድራማ ነው፤ ተመልካች በማንኛውም ሳምንት ቢገባ እንዲገባው እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው እንዲቆም ይፈለግ ነበር። ይሁን። እኔ ግን ሃያ ክፍል የሚዘልቅ ተያያዥ ታሪክ አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት አንድ መሥመር ንግግር ነው፤ ሌሲንግ ሰሃን ይዞ ሲያልፍ፣ ሃሪ የጄታልን ስም ሲጠራ። የመጀመሪያው ምዕራፍ መርከቧ ያላት 38 ቶርፒዶ ብቻ ነው፣ መተኪያ የለውም አለን፤ ተመልካች ቆጥሮ ከዚያ በላይ መተኮሷን ደረሰበት። ቶርፒዶውን ይቅር እላለሁ። ሰውን መርሳት ግን ሌላ ነው።

ጸሐፊው ሮናልድ ሙር ይህን ያውቅ ነበር። በስድስተኛው ምዕራፍ መግቢያ ከ«ዲፕ ስፔስ ናይን» ወደ ቮዬጀር መጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ለቆ ወጣ፣ ወጥቶም ያለ ወደብ የምትጓዝ መርከብ በየሳምንቱ እንደ አዲስ ማብረቅረቋ ከእውነት የራቀ መሆኑን በግልጽ ተናገረ። ከዚያ በ2003 «ባትልስታር ጋላክቲካ»ን እንደ አዲስ ሠራ። እዚያ ፕሬዚዳንቷ ቢሮ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ በሕይወት የቀሩት ሰዎች ቁጥር በእጅ ይጻፋል፣ ሰው ሲሞት ተሰርዞ ይታረማል፣ ሕፃን ሲወለድም እንደዚያው። በጠፈር የተሰደደ ሕዝብ ታሪክ እንዲህ ነው የሚጻፈው። ቮዬጀር ሰሌዳውን የመስቀል ዕድል ከእሱ ስምንት ዓመት ቀድሞ ነበረው።

በ2024 «ሎወር ዴክስ» የተባለው የአኒሜሽን ኮሜዲ ሃሪ ኪምን መልሶ አመጣው፣ ድምፁም የጋሬት ዋንግ ነበር። ከየዓለማቱ የተሰበሰቡ ብዙ ሃሪዎች አሉ፤ ሁሉም ኢንሳይን፣ አንዱ ብቻ ሌተናንት። ችግር የፈጠረው ያ ያደገው ሆኖ ተገኘ። ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ለማዕረግ ጥያቄው የተሰጠው መልስ ይህ ነው። አልስቅም። የመርከቧ ባለቤቶች ዛሬም ድረስ ለሃሪ ኪም አንድ ማዕረግ፣ ለኖዋ ሌሲንግ አንድ መሥመር፣ ለሳማንታ ዋይልድማን አንድ ትዕይንት ዕዳ አለባቸው።